ልጁ እያደገ ነው ወይስ ሜዳሊያ እየሰበሰበ? የጂምናስቲክ ክለብ ውጤትን እንዴት እናንብበው

የውድድር ሰሞን ባለቀ ቁጥር የጂምናስቲክ ክለቦች ልጆቹን በተርታ አቁመው ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ፎቶ ያነሷቸዋል፣ ስንት ወርቅ ስንት ብር ስንት ነሐስ መጣ ተብሎ ይቆጠራል፣ ወላጅም ደስ ይለዋል፣ ሊለውም ይገባል፣ ልጅ ለፍቶ ሰው ፊት ወጥቶ ሰርቶ ሲጨበጨብለት ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዛ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። "የኔ ልጅ ለምን አላገኘችም? እኩል እኮ ነው የጀመሩት፣ ያቺ ደረጃ አለፈች የኔዋ ግን እዛው ነች፣ ክለብ እንቀይር ይሆን?" ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል፣ ልጆቹም ይሰሙታል፣ ባይነገራቸውም ከፊታችን ያነቡታል።

እኔ የምለው፣ አንድ የስምንት ወይም የአስር አመት ልጅ ያመጣው ሜዳሊያ ስለ ልጁ እድገት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። እድገቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ደግሞ ምኑን ማየት እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው በደንብ ይታያል፣ ስውር አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጂምናስቲክ ላይ እያንዳንዷ ስህተት ዋጋ አላት። ትንሽ የጉልበት መታጠፍ ወይም የእግር መለያየት 0.1 ያስቀንሳል፣ ከፍ ያለ ስህተት 0.3፣ ትልቅ የሚባለው 0.5፣ ከመሳሪያ ላይ መውደቅ ደግሞ ሙሉ 1 ነጥብ። በትልልቆቹ አለም አቀፍ ውድድሮች ከ2006 ጀምሮ ነጥቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፣ አንዱ የተሰራው ነገር ምን ያህል ከባድ ነው የሚለውን ይለካል፣ እሱ ጣሪያ የለውም፣ ሌላው ደግሞ ምን ያህል ንፁህ ሆኖ ተሰራ የሚለው ነው፣ ከ10 ይጀምርና እየተቀነሰ ይወርዳል፣ ከዛ ሁለቱ ይደመራሉ። በ2024 ፓሪስ ላይ የአልጄሪያዋ ካይሊያ ኔሙር በ17 አመቷ በባር (ከፍና ዝቅ ባሉ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ላይ በሚሰራው) ወርቅ ስትወስድ ያገኘችው 15.700 ነበር፣ ያውም ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጂምናስቲክ ሜዳሊያ። ድሮ ጣሪያው 10 ነበር፣ ናዲያ ኮማኔቺ በ1976 ሞንትሪያል ላይ በ14 አመቷ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያውን 10 ስታገኝ ሰሌዳው 1.00 ብሎ ነው ያሳየው፣ 10.00 የሚል ቁጥር እንዲያሳይ አልተሰራምና።

የልጆች ውድድር ግን ብዙ ቦታ ላይ እንደዚ አይደለም። ዝቅ ባሉት ደረጃዎች ሁሉም ልጅ አንድ አይነት የታዘዘ እንቅስቃሴ ነው የሚሰራው፣ ስለዚ ዳኛው የሚያየው ንፅህናውን ብቻ ነው። ይሄ ማለት ቀለል ባለ ደረጃ 9.4 ያገኘች ልጅና ከሷ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ 8.1 ያመጣች ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማወዳደር አንችልም፣ 8.1 ያመጣችው ብዙ እጥፍ የበለጠ ነገር ሰርታ ሊሆን ይችላል። በዛ ላይ ውድድሩ በደረጃ ይከፈላል፣ በእድሜ ይከፈላል፣ በመሳሪያ ይከፈላል፣ ሴቶቹ አራት መሳሪያ አላቸው (ሮጦ ጠረጴዛ መሰል መሳሪያ በእጅ እየገፉ የሚዘለልበት ቮልት፣ ባር፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ሚዛን ጠብቆ የሚሰራበት ቢም፣ ወለል) ወንዶቹ ደግሞ ስድስት፣ ስለዚ ሜዳሊያው በጣም ይበዛል። አምስት ልጅ ባለበት ምድብ የተገኘ ነሐስና ሃምሳ ልጅ ባለበት ምድብ የተገኘ ነሐስ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ መልካቸው አንድ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። አንዳንድ አሰልጣኝ ልጁ ቀጣዩን ደረጃ መስራት እየቻለ አንድ አመት ጨምሮ እዛው ያቆየዋል፣ ወርቅ ያመጣላ። ልጁ በቀጣዩ አመት በጣም አሸናፊ ይመስላል፣ ግን የተማረው አዲስ ነገር የለም። በተቃራኒው ደግሞ ጥሩ አሰልጣኝም ልጅ እዛው ደረጃ ላይ ያቆያል፣ ትከሻው ስላልጠነከረ ወይም አወራረዱ ስላልተስተካከለ፣ ይሄ የልጁን አንገትና ጉልበት የሚያድን ውሳኔ ነው። ከውጪ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያወጣው "በስልጠና ሰአት ከደረጃው በላይ ምን እየሰራ ነው?" የሚል ጥያቄ ነው። ደህና አሰልጣኝ ለዚህ ጥያቄ ወዲያው ዝርዝር መልስ አለው፣ "አሁን እዚ ላይ እየሰራን ነው፣ ይሄ ይቀረዋል፣ ለዛ ነው የቆየው" ይላል። "ጊዜው ሲደርስ ያልፋል" ብቻ ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

እሺ እድገቱ የት ነው ያለው? አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሃንድስታንድ ላይ ነው የምላችሁ። በእጅ መቆም ማለት ነው በቃ፣ ልጁ የጀመረ ሰሞን የሚማረው ነገር፣ ለዛም ነው ወላጅ የሚንቀው፣ "አሁንም ሃንድስታንድ ነው እንዴ የሚሰሩት?" የሚባለው። ግን አስቡት፣ ካርትዊል (በእጅ ተደግፎ ወደ ጎን መገልበጥ) መሃሉ ላይ ሃንድስታንድ ነው፣ ራውንድ ኦፍ (ያው ሆኖ ሁለት እግር ገጥሞ የሚታረፍበት) እንደዛው፣ ወደ ኋላ የሚደረገው ሃንድስፕሪንግ (ዘሎ በእጅ መሬት ገፍቶ መገልበጥ) በሱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ቮልት ላይ ልጁ ጠረጴዛውን በእጁ ሲገፋ ያው ቅርፅ ነው፣ ባር ላይ ያ ሙሉ ዙር የሚሽከረከሩት ነገር ከሃንድስታንድ ተነስቶ ሃንድስታንድ ላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ልጅ ከስድስት ወር በፊት ጀርባው ተቆልምሞ እግሩ ተለያይቶ ለአፍታ ይቆም ከነበረና ዛሬ ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሶ፣ ጎድኑ ገብቶ፣ ቂጡ ተጨብጦ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው ቀጥ ብሎ ከቆመ ይሄ ልጅ በሁሉም መሳሪያ ላይ አድጓል፣ ገና አዲስ እንቅስቃሴ ባይጨምርም። የሚቀጥለው አመት የሚማራቸው ነገሮች በሙሉ በፍጥነት የሚመጡለት በዚህ ምክንያት ነው፣ ተጣሞ የቆመው ልጅ ግን ፍሊፑን (መገልበጡን) ቶሎ ተምሮ በኋላ ያንኑ ፍሊፕ አፍርሶ እንደገና መማር ሊኖርበት ይችላል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው መማር በጣም ይከብዳል ምክንያቱም ሰውነቱ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው አወራረድ ነው። ልጅ ከቮልት ወይም ከፍሊፕ ሲያርፍ መሬቱ የሚመልስለት ሃይል የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ነው፣ ይሄን ደግሞ በአንድ ስልጠና ደጋግሞ ነው የሚቀበለው። ጉልበቱ ታጥፎ ሃይሉን ይቀበላል? ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እየተጋጩ ነው ወይስ ከእግር ጣቶቹ ጋር ቀጥ ብለው ነው? ደረቱ ቀና ነው? ይሄን ማንም ወላጅ ዳር ላይ ተቀምጦ ማየት ይችላል፣ የጂምናስቲክ እውቀት አይጠይቅም። ከአመት በፊት ሲያርፍ እየተንገዳገደ በእጁ መሬት ይነካ የነበረ ልጅ አሁን ተረጋግቶ ካረፈ እሱ ውጤት ነው፣ ለዚህ የሚሰጥ ሜዳሊያ የለም እንጂ።

ደግሞ እድገቱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ባር ላይ ኪፕ የሚባል ነገር አለ፣ ልጁ ባሩን ይዞ ወደ ፊት ተወዛውዞ እግሩን ወደ ባሩ አምጥቶ በአንዴ ከላይ ተደግፎ የሚወጣበት፣ እሱን ለማግኘት ወራት የሚፈጅበት ልጅ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ከአመት በላይ። እነዚያ ወራት ላይ ከውጪ ስታዩት ምንም የለም፣ በየቀኑ ይሞክራል በየቀኑ ይወድቃል፣ ከዛ አንድ ቀን ይወጣል፣ በሳምንቱ ደጋግሞ ይሰራዋል። አፉን ሊፈታ ያለ ህፃን ለወራት ዝም ብሎ እየሰማ ቆይቶ በአንድ ሰሞን ቃል በቃል ላይ እንደሚደራርበው ማለት ነው። ዝም ያለበት ጊዜ ባዶ አልነበረም፣ ሆዱ እየጠነከረ፣ የእጁ አያያዝ እየጠበቀ፣ የሰአት አጠባበቁ እየተስተካከለ ነበር። ክለብ የሚቀየረው፣ ልጅ "አልችልም" ብሎ የሚያቆመውም ብዙ ጊዜ እዚ ወራት መሃል ነው።

ልጆቹም አንድ አይነት አይደሉም። አንዷ ስፕሊትና ብሪጅ (እግር ዘርግቶ ከፍቶ መቀመጥና ጀርባን እንደ ድልድይ ማጉበጥ) ያለ ምንም ችግር ትሰራለች ግን ባር ላይ ራሷን መሳብ ያቅታታል፣ ሌላው ጉልበት አለው ግን ወገቡ አይታጠፍም፣ ሶስተኛዋ ምንም ስለማትፈራ ሁሉን ነገር ቀድማ ትሞክራለች ግን እግሯ አይዘረጋም። እነዚህ ሶስት ልጆች አንድ ቀን ቢጀምሩም እኩል አይሄዱም፣ አብረው ስለጀመሩ ብቻ ማወዳደር ፍትሃዊ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ቁመት የሚመዘዝበት ጊዜ። ሴቶች ላይ በአማካይ 11 እና 12 አመት አካባቢ፣ ወንዶች ላይ 13 እና 14 አካባቢ ሰውነት በፍጥነት ይረዝማል። ጂምናስቲክ ላይ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ እግር ሲረዝም መሽከርከር ይከብዳል፣ ክብደት ይጨምራል ጉልበቱ ግን እስኪደርስበት ጊዜ ይወስዳል፣ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ቢም ላይ ሚዛን የምትጠብቅበት ቦታ ይቀየራል። አምና እንደ ቀልድ ትሰራው የነበረውን ዘንድሮ ያቃታት ልጅ አልሰነፈችም፣ በአዲስ ሰውነት እየሰራች ነው። ይሄን የሚያውቅ አሰልጣኝ ጭነቱን ይቀንሳል፣ ወደ መሰረታዊው ይመልሳታል፣ ጉልበት ላይ ይሰራል፣ ይጠብቃል። የማያውቀው ይቆጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስለ ክብደት ማውራት ይጀምራል፣ እሱ በጣም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም እያደገች ያለች ልጅ በቂ ካልበላች አጥንቷም ሆርሞኗም ይጎዳል፣ ይሄ በስፖርት ህክምና በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

በዚሁ ጊዜ የሚመጡ ህመሞችም አሉ፣ ተረከዝ ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእጅ አንጓ። በጂምናስቲክ እጅ እንደ እግር ክብደት ስለሚሸከም አንጓ አካባቢ ያለው አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ይጎዳል። ልጅ በተደጋጋሚ አንጓዬን አመመኝ ካለ "ቻለው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ማረፍና ሃኪም ማየት ነው ያለበት። በነገራችን ላይ ጂምናስቲክ ልጅን ያሳጥራል የሚባለው ነገር ማስረጃው አይደግፈውም፣ ጉዳዩን የገመገሙ ተመራማሪዎች ስልጠናው ራሱ ቁመትን እንደሚቀንስ አላገኙም፣ የምናየው በአብዛኛው ድሮም አጫጭር የሆኑ ልጆች ስፖርቱ ስለሚስማማቸው እሱ ውስጥ መቆየታቸውን ነው። አጥንትን ማጠንከሩ ግን እውነት ነው።

ፍርሃትስ? ይሄ ከሁሉም የባሰ የማይገባን ነገር ይመስለኛል። አንድ ልጅ ለወራት ሲሰራው የነበረውን ወደ ኋላ የሚዘለል ነገር አንድ ቀን ተነስቶ አልሰራም ይላል፣ ይቆማል፣ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያለቅሳል። ወላጅ "ትናንት ሰርተኸው የለ እንዴ" ይላል። አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ፣ በዛን ጊዜ የአለም ምርጥ የነበረችው፣ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ2021 አየር ላይ እያለች ሰውነቷ የት እንዳለ ስለጠፋባት ከአብዛኛው ውድድር ወጣች። ከስድስት አመቷ ጀምሮ የሰራች፣ በአለም ላይ ማንም ያልሞከረውን የምትሞክር ሰው ይሄ ከደረሰባት አንድ የዘጠኝ አመት ልጅ ቢደርስበት ምን ይገርማል? ግፊት አያድነውም፣ ያባብሰዋል። የሚሰራው ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ወፍራም ማት ላይ፣ አሰልጣኝ ይዞት፣ ትራምፖሊን ላይ፣ ቀስ እያለ እንደገና ማመን እስኪጀምር። ባይልስም ተመልሳ በፓሪስ ሶስት ወርቅና አንድ ብር ወስዳለች፣ ያኔ 27 አመቷ ነበር።

27 የሚለው ቁጥር ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ "በ12 አመቷ ካልደረሰች አለቀላት" የሚል ስጋት አለው። ይሄ ስጋት የመጣው ከድሮው ዘመን ነው፣ አሸናፊዎቹ ህፃናት ከነበሩበት። ከ1997 ጀምሮ ግን ሴቶች በትልልቅ ውድድር ለመሳተፍ በውድድሩ አመት 16 መሙላት አለባቸው። ጂምናስቷ ኦክሳና ቹሶቪቲና ከ1992 ጀምሮ በስምንት ኦሊምፒኮች ተወዳድራለች፣ ቶኪዮ ላይ 46 አመቷ ነበር። እንግዲህ የአንድ ልጅ መንገድ ይሄን ያህል ሊረዝም ከቻለ በስምንት አመቷ የሚደረገው ጥድፊያ ለማን ብሎ ነው? ብዙ ጊዜ ለልጅቷ አይደለም፣ ለክለቡ ስም ነው ወይም ለኛ ደስታ ነው።

ስለ ሰአትም ላንሳ። በስፖርት ህክምና ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ መለኪያ አለ፣ የሳምንቱ የስልጠና ሰአት ከልጁ እድሜ አይብለጥ የሚል፣ ማለትም የስምንት አመት ልጅ በሳምንት ከስምንት ሰአት በላይ ባይሰራ። የአሜሪካ የህፃናት ሃኪሞች አካዳሚ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ሙሉ እረፍት እንዲኖር ይመክራል። ጂምናስቲክ ቀድሞ የሚጀመር ስፖርት ስለሆነ የውድድር ቡድን ውስጥ ያሉ ልጆች ከዚህ ያልፋሉ፣ እሱን እናውቃለን፣ ግን ሲያልፉ ቢያንስ ለምን እንደሚያልፉና ምን ጥንቃቄ እንደተደረገ የሚያስረዳ ሰው መኖር አለበት። ሰአት በጨመረ ቁጥር ውጤት ይጨምራል ማለት አይደለም፣ የደከመ ልጅ ነው የሚጎዳው።

ይሄን ሁሉ የምለው ሜዳሊያ ብቻ ስናይ ምን እንደሚደርስ አለም ስላየው ነው። የአሜሪካ ብሄራዊ ቡድን ሃኪም የነበረው ላሪ ናሳር ልጆቹ ላይ ባደረሰው ወሲባዊ ጥቃት በጥር 2018 ከ40 እስከ 175 አመት እስር ሲፈረድበት ፍርድ ቤት ቀርበው የደረሰባቸውን የተናገሩት ሴቶች ከ150 በላይ ነበሩ። ሃገሪቱ በዛው ዘመን ወርቅ በወርቅ ነበረች፣ ውጤት ስላለ ማንም ጠያቂ አልነበረም፣ የጠየቁትም አልተሰሙም። በብሪታንያ ደግሞ በ2022 የወጣው ዋይት ሪቪው የሚባለው ምርመራ ከ400 በላይ ሰዎች የላኩትን መረጃ አይቶ የአካልና የስሜት ጥቃት የጥቂት መጥፎ ሰዎች ጉዳይ ሳይሆን በአሰራሩ ውስጥ የገባ ችግር እንደነበር ነው የደመደመው፣ ህመም እየተሰማቸው እንዲሰሩ የተደረጉ ልጆች፣ ክብደታቸው ሰው ፊት የሚለካ፣ የሚሰደቡ። እነዚህ ነገሮች በትልልቅ ቡድን ብቻ አይደለም የሚከሰቱት። ወላጅ ገብቶ ማየት የማይችልበት አዳራሽ፣ "እኛ ጋ ያለውን ውጪ አታውሩ" የሚባልበት ቦታ፣ ልጅ አመመኝ ማለት የሚፈራበት ክለብ፣ ስንት ወርቅ ቢኖረው ልጅ የሚላክበት ቦታ አይደለም።

አብዛኛው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይወዳደርም፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ መጥቶ ተገለባብጦ ነው የሚሄደው። የነሱስ ውጤት ማን ይቆጥረዋል? የመጀመሪያ ቀን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ያልለቀቀች ልጅ በሶስተኛው ወር ብቻዋን ተሰልፋ ተራዋን ጠብቃ ቢም ላይ ስትሄድ፣ ወይም ሰውነቱ እንደልቡ የማይታዘዘው ልጅ የመጀመሪያዋን ፎርዋርድ ሮል (ወደ ፊት መንከባለል) ሲጨርስ፣ እኔ በበኩሌ ይሄን ከወርቁ አሳንሼ አላየውም።

ክለቦችም ይሄን ማሳየት ይችላሉ፣ የሚከብድ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ምን ጀመረ፣ ምን ጨረሰ፣ ምን ይቀረዋል የሚል አንድ ወረቀት መያዝ። በየሶስት በአራት ወሩ ያንኑ ሃንድስታንድ ያንኑ አወራረድ በቪዲዮ ቀርፆ ከልጁ ከራሱ ጋር አወዳድሮ ለወላጅ ማሳየት፣ ልጁም አብሮ ቢያየው እንዴት ደስ እንደሚለው። አመቱ ሲያልቅ ወርቁን ቆጥሮ ሲናገር ስንት ልጅ እንደተጎዳና ስንቱ ተመልሶ እንደመጣም አብሮ መናገር።

ወላጅ ደግሞ ክለብ ሲመርጥ የሜዳሊያ መደርደሪያውን ካየ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቅ፣ ከአምስት አመት በፊት እዚ የጀመሩት ልጆች አሁን የት ናቸው? የ13 የ14 አመት ልጆች አዳራሹ ውስጥ ካሉ፣ እየሳቁ ከሰሩ፣ አንዳንዶቹ ትንንሾቹን ሲያግዙ ከታዩ፣ ሌላ ስፖርት የሄዱትም እየመጡ ሰላም የሚሉ ከሆነ ስለ ክለቡ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። በአስር አመታቸው ወርቅ የነበሩት ሁሉ ከጠፉና ለምን እንደጠፉ የሚናገር ሰው ከሌለ ግን ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት የነዛን ልጆች ወላጆች ፈልጋችሁ አናግሩ።